ባዶውን የማይመለስ ትሪ

ጠፍጣፋ ነገር በእኛ ቤት ባዶውን ውሎ አያውቅም። የእናንተን ቤት ስላላየሁ አልመሰክርም፤ መገመት ግን አይከለከልም። ጠረጴዛው ሲገዛ "ለእንግዳ ብቻ ነው" ተብሎ ይገዛል። በሦስተኛው ቀን ቁልፍ ይቀመጥበታል። ከቁልፉ አጠገብ ክብሪት፣ ከክብሪቱ አጠገብ መብራት በጠፋ ጊዜ እስከ ወገቡ የነደደ ሻማ፣ ከሻማው አጠገብ "ምናልባት በደንብ አልሞላሁት ይሆናል" ተብሎ የማይጣል የተፋቀ የሞባይል ካርድ፣ ሐኪም "ጨርሰው" ብሎ ያዘዘውና ሲሻል የተተወ ክኒን፣ ቴሌቪዥኑ ሞቶ እሱ በሕይወት የቀረ ሪሞት። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ይሄ ሁሉ በአንድ እቅፍ ተጠርጎ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ይወረወራል፤ እንግዳው ሲሸኝ ተለቅሞ ይመለሳል። ዕድሜያችን እንዲህ እያለ ያልቃል።

የዚህ ደዌ መድኃኒት ትሪ መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ምስጢሩ ቀላል ነው። ዕቃውን አታነሱትም፤ ከሥሩ ትሪ ታስገቡለታላችሁ፣ በቃ። ያው ቁልፍ፣ ያው ክብሪት፣ ያው ክኒን ጠረጴዛው ላይ ተበትነው ሲታዩ "እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?" ያሰኛሉ፤ የሚያብረቀርቅ ትሪ ላይ ሰብሰብ ሲሉ ግን "እንዴት ያለች ባለሙያ ናት!" ያሰኛሉ። ዝርክርክነት ጠርዝ ሲበጅለት ዝግጅት ይባላል። በአንድ ወቅት በየቀበሌው የምንቀመጥባቸው ስብሰባዎችም እንደዚሁ ነበሩ፤ የተበተነው ችግራችን በአጀንዳ ተሰብስቦ ሲቀርብልን የተፈታ ይመስለንና አጨብጭበን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር።

ይሄን የምላችሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ተካ እባላለሁ፤ ቡታጅራ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ ሳነብ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ቆጣሪው ያለው ግቢ ውስጥ ቢሆንም፣ በእኛ ከተማ ቆጣሪ አንብቦ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደ ጥላቻ ይቆጠራል። "ግባ እንጂ፤ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ?" ይሉኛል። ስለዚህ የቡታጅራን ሳሎን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። የዳንቴልን ዘመን አይቻለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ፣ ሬዲዮው ዳንቴል ለብሶ፣ ፍሪጁ ዳንቴል ለብሶ፣ አንድ ቤትማ ዳንቴሉ የሚቀመጥበት ቅርጫት ራሱ ዳንቴል ለብሶ። የፕላስቲክ አበባንም ዘመን አይቻለሁ። ከዚያ ባጃጅ ወደ ከተማችን በገባበት ሰሞን የትሪ ዘመን ጠባ። አልደብቃችሁም፤ የተጀመረው እኔ ቤት ነው። በሰው ትሪ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

እኛና ሐጂ ነስሩ ጎረቤታሞች ነን። አጥራችን አንድ ነው፤ መሃሉ ላይ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ጎንበስ ብለው የሚያልፉባት ትንሽ በር አለች። የሠራናት እኔና ሐጂ ነን፤ የምታገለግለው ግን ሚስቶቻችንን ነው። የሐጂ ባለቤት እትዬ ሉባባ ገበያ መሃል ጨርቃጨርቅ ትነግዳለች፤ የእኔዋ ብርቄ ሕፃናት ታስተምራለች። ቅቤ ሲያንስ በዚያች በር፣ ሚጥሚጣ ሲያልቅ በዚያች በር፣ ወሬ ሲበዛ በዚያች በር። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ አዋላጇን ይዛ የመጣችው እትዬ ሉባባ በዚያችው በር ነው የገባችው፤ ያን ቀን እጇን ይዛ መዋሏን ብርቄ እስከ ዛሬ ታነሳለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ተረት እኛ በአጥር ላይ ቆርጠን አወጣነው ማለት ነው።

ከሌላ አገር ለሆናችሁ የበዓል ሥርዓታችንን ልንገራችሁ። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። ሥጋ ያልሆነው ሁሉ ግን የጋራ ነው። ለፋሲካ ከእኛ ዳቦ ይሄዳል፤ ለዒድ ከእነሱ ቴምርና በስኳር የራሰው ሙሸበክ ይመጣል። በዚህ መሃል አንድ ሕግ አለ፤ አልተጻፈም፤ ከተጻፉት ሁሉ የበለጠ ግን ይከበራል። ምግብ የመጣበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ይወለዳል፤ የዕቃው ባለቤትም "ዕቃዬን መልሱልኝ" አይልም። ዕቃ መጠየቅ ምግብ መጠየቅ ነዋ! እነዚህ ሁለት ሕጎች አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ካልታያችሁ አይፈረድባችሁም፤ ለእኛም አልታየንም ነበር።

ያን ዓመት አረፋ የዋለው በገና ጾም ውስጥ ነበር። እትዬ ሉባባ ጾማችንን አልረሳችም፤ ቅቤ ያልነካው ዳቦ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ቴምርና ሙሸበክ ደርድራ በትንሿ በር ብቅ አለች። እኛ ግን ያየነው ምግቡን አልነበረም፤ ትሪውን ነው። ልጇ ሰሚራ ከጅዳ የላከችው ነው፤ ጠርዙ ወርቅማ፣ ሁለት እጀታው እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣ ሆዱ ሰው ፊቱን የሚያይበት።

"እንዴ እትዬ! በዚህ ትሪ?" አለች ብርቄ።

"ይቀመጥ፤ እናንተው ጋ ይቀመጥ። ምን ያስቸኩላል?" አለች እትዬ ሉባባ።

ይሄን ሁላችንም የምንለው ነው። "ይቀመጥ" ይባላል፤ ይመለሳል። ቃል በቃል የሚወስደው ማን ነው?

ገና ሲደርስ ብርቄ ትሪውን ልትመልስበት ዳቦ ደፋች። ዳቦው ከሥሩ አረረ። "በዚህ ትሪ ላይ ያረረ ዳቦ?" ብላ ተወችው፤ እኛ ፈግፍገን በላነው። በጥምቀት እኔ ታምሜ ተኛሁ። ለፋሲካ ዳቦው ሊያዩት የሚያሳሳ ሆኖ ወጣ፤ እትዬ ሉባባ ግን ለቅሶ ደርሳ ስልጤ አገር ሰነበተች፣ ዳቦውም እሷን አልጠበቀም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ትሪ በቆየ ቁጥር የሚሸከመው ነገር መክበድ አለበት። በሳምንቱ ቢመለስ ዳቦ ብቻ ይበቃው ነበር። በወሩ ዳቦና ማር። በስድስተኛው ወር ምን ይመጥነዋል? በብርቄ አስተሳሰብ ዓመት ቢሞላው በሬ አስቀምጠንበት መላክ ነበረብን፤ በሬው ደግሞ ሥጋ ነው፤ አይበሉልንም።

እስኪሄድ ድረስ ትሪው "ለጊዜው" ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መነጽሬን አስቀመጥኩበት። ብርቄ "ተው፤ የሰው ዕቃ ነው" አለችኝ። ከዚያ ራቅ ብላ አየችው። አንገቷን ዘመም አድርጋ ደግማ አየችው። ከዚያ ሪሞቱን አምጥታ ከመነጽሬ ጎን አጋደመች፤ ሻማውን አቆመች፤ ክኒኑን በስኳር ዕቃ ውስጥ ደበቀች፤ ከብፌው ላይ አንድ የፕላስቲክ አበባ ነቅላ መሃሉ ላይ ሰካች። ዕድሜ ልካችንን ያስቸገረን ጠረጴዛ ባንዴ ጨዋ ሆነ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። መነጽሬን ሳልፈልግ ያገኘሁበት የመጀመሪያው ዓመት ነው።

በሳምንቱ የዕድር ሴቶች መጡና አዩት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው? በወሩ ቆጣሪ ላነብ በገባሁበት ቤት ሁሉ ትሪ ተቀበለኝ። ፍሪጅ ላይ ትሪ፣ ኮመዲኖ ላይ ትሪ፣ የውሃ በርሜል ክዳን ላይ ትሪ። አንድ ቤት ትልቅ ትሪ ላይ የተቀመጠው ሌላ ትንሽ ትሪ ብቻ ነበር፤ "የሚቀመጠውን ገና እያሰብንበት ነው" አሉኝ። ወልቂጤ ያለችው የብርቄ እህት ደውላ "ለአንድ ሳሎን ስንት ትሪ ይበቃል?" ብላ እንደ ሐኪም አማከረቻት። ብርቄም አማካሪነቱን አልጠላችውም፤ ትሪው የማን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በክረምቱ መግቢያ እትዬ ሉባባ በትንሿ በር ገብታ ሻይ ልትጠጣ ተቀመጠች። ሻይዋ የቀረበላት የገዛ ትሪዋ ላይ፣ በእኔ መነጽርና በሪሞቱ መካከል ነው። አየችው። ብርጭቆዋን አነሳች። ብርቄ ደግሞ ጭንቅ ሲይዛት ወሬ ታበዛለች።

"አይ እትዬ!" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ዘንድሮ ሰው ዕቃ መመለስ ትቷል እኮ! የእናቴ ትሪ፣ ያቺ ጣዎስ የተሳለባት፣ ሦስት ዓመቷ ከጠፋች። የእናቴ ማስታወሻ! ከሥሯ በቀይ የጥፍር ቀለም ሦስት ነጥብ አድርጌባት ነበር። ለለቅሶ ይውሰዷት፣ ለሠርግ ይውሰዷት አላውቅም፤ የወሰዳት ሰው ግን ዝም! ሰው እንዴት የሰው ዕቃ ይዞ እንቅልፍ ይወስደዋል?"

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሶፋው ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። ይሄን ሁሉ የምትለው የሰው ዕቃ ይዛ፣ በሰው ዕቃ ላይ ሻይ አቅርባ፣ ለዕቃው ባለቤት ነው! የእትዬ ሉባባ ፊት ልውጥ አለ። ብርጭቆውን ከነሻዩ አስቀመጠችና "ሱቁን ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት" ብላ ተነሳች። ሱቋን ከሰዓት እህቷ እንደምትጠብቅላት ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ቀን ወዲያ በትንሿ በር የገባ የለም። ሐምሌ መጣ፤ ዝናቡም ጣለ፤ የበሯ ደፍ ላይ ሣር በቀለ። እንዲህ ቶሎ ሣር የሚያበቅል ቦታ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ለካ እግር ነው ከልክሎት የኖረው። እትዬ ሉባባን መንገድ ላይ ሳገኛት "ደህና ናችሁ? አልሐምዱሊላህ" ብላኝ ትፈጥናለች። ብርቄ እኔ የተኛሁ ሲመስላት ታለቅሳለች።

"ገባት እኮ፤ ራስሽስ ማን ነሽና ትናገሪያለሽ ብላ ነው የሄደችው" አለችኝ አንድ ቀን። "እጄን ይዛ ያስወለደችኝን ሴት በትሪ ለወጥኳት።"

"እንግዲያው ትሪውን ይዘሽላት ሂጂ።"

"ባዶውን?"

እዚያው ተመለስን። እኔም ከፋኝ። ለቀልድ ብዬ አይደለም፤ ያቺን በር ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ ጀመርኩ። ሐጂም በአጥሩ ላይ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እኔም አስላለሁ፤ እሳቸውም ያስላሉ፤ ለእኛ ለወንዶቹ የቀረን ማሳል ብቻ ነው።

መስከረም ጠባና መስቀል ደረሰ። ብርቄ ቆረጠች፤ "በዋዜማው ይመለሳል፤ ከመስቀል ካለፈ በሕይወቴ አልመልሰውም" አለች። እንደምታውቁት የመስቀል ዋዜማ በእኛ አገር የጎመን ክትፎ ቀን ነው፤ ሥጋ የለበትም፤ እግዚአብሔር ለእኛ ለጎረቤታሞች ብሎ ያዘጋጀው ይመስላል። ጎመኑን እንደ ጤፍ አደቀቀችው፤ ቅቤውን አነጠረች፤ አይቡን ለብቻ፣ ቆጮውን ለብቻ ደረደረች። ችግሩ ወሩ ረመዳን መሆኑ ነበር። "ለማፍጠሪያቸው ይደርሳል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትገባለህ" አለችኝ። አዎ፤ እኔ ነኝ የምሄደው። "በትንሿ በርም አይደለም፤ በትልቁ በር፤ እንደ ሽማግሌ።"

ትሪውን በምን እንሸፍነው ስንል ከሣጥን ውስጥ የድሮው የቴሌቪዥን ዳንቴል ወጣ። ብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ የከረመው ዳንቴል በመጨረሻ ሥራ አገኘ። እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ቅቤው የሚያውድ ትሪ ደረቴ ላይ ይዤ፣ ጾማቸውን ሊፈቱ ሩብ ሰዓት በቀራቸው ሰዎች መሃል፣ የቡታጅራን ዋና መንገድ ዞርኩ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ወደ እኔ ያዞራል፤ ከዚያ "አስተግፊሩላህ" ብሎ ይመልሳል። አንዱ ባለባጃጅ ፍሬን ይዞ "ጋሽ ተካ፣ ቆጣሪ በትሪ ማንበብ ተጀመረ እንዴ?" አለኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ አለፍኩት።

ሐጂ ነስሩ ሳሎናቸው ውስጥ ቴምር ከፊታቸው አድርገው አዛን ይጠብቃሉ። "ተካ! ግባ፣ ግባ" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ገባሁ። ሰላምታ ልሰጥ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጠረጴዛቸው ላይ አረፈ። መነጽራቸው፣ መቁጠሪያቸው፣ የደም ግፊት ክኒናቸውና ሪሞቱ በሥርዓት ተደርድረዋል። የተደረደሩት ትሪ ላይ ነው። ትሪዋ ላይ ጣዎስ ተስላለች።

በዚህ ጊዜ እትዬ ሉባባ ከጓዳ ወጣች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥሎ የያዝኩትን ትሪ አየች፤ ቀጥሎ ዓይኔ የት እንዳለ አየች። ሻሿን ከትከሻዋ ገፍፋ ጣዎሷ ላይ ጣለችው። ጭራዋ ግን ወጥቶ ቀረ። እኔ ትሪ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ እሷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፤ ሐጂ ሁለታችንንም በየተራ ያዩናል። ያን ጊዜ አዛን ተሰማ።

"ቢስሚላህ። በመጀመሪያ እናፍጥር፤ በባዶ ሆድ ነገር አይገባም" አሉ ሐጂ።

አፈጠሩ። እኔም አብሬ ቀመስኩ። እትዬ ሉባባ የብርቄን ጎመን ክትፎ በቆጮ ጠቅልላ ሁለቴ እንደጎረሰች እንባዋ መጣ።

"ወላሂ ተካ፣ አልሰረቅኳትም" አለች። "ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ ዳቦ ልካልኝ በሷ ነው የመጣው። ባዶዋን እንዳልመልስ ዛሬ ነገ ስል፣ አንድ ቀን የጋለ ድስት አስቀምጬባት የጣዎሷ አንገት ተላጠ። የተላጠ ትሪ በምን ፊቴ ልስጥ? ሰሚራ ያንን ስትልክልኝ ምትክ ይሁናት ብዬ ላክሁት። 'እናንተው ጋ ይቀመጥ' አልኳት እኮ! የእናቷ መሆኗን ግን አላውቅም ነበር። ያን ዕለት 'ሰው እንዴት የሰው ዕቃ ይዞ እንቅልፍ ይወስደዋል' ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ብርቄ አውቃለች፤ ፊት ለፊት ላለመናገር ነው ብዬ ነው የቀረሁት።"

ሁለቱን ትሪዎች በየተራ አየሁና ነገሩ ገባኝ። ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ልይዘው ብልም አልቻልኩም። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተሸማቀቅንበት ትሪ የራሳችን ነበር! ብርቄ የዳቦውን ቀን ረስታው ነው፤ ያን ፋሲካ ለአራት ቤት ልካለች፣ በዚያው ሰሞን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር፣ ዕቃው ሁሉ ተቀላቅሏል። አንዷ የሌላዋን ትሪ ይዛ ስታፍር፣ ሌላዋም የአንዷን ይዛ ስታፍር፣ መሃል ላይ ሣር በቀለ። እኔም ብርቄ ስታለቅስ እንደከረመች ነገርኳቸው። እትዬ ሉባባ እየሳቀችም እያለቀሰችም አፏን በሻሿ ያዘች፤ ጣዎሷም ተገለጠች። እውነትም አንገቷ ተልጧል።

"እጀታ የተሠራለት ዕቃ እኮ ሊሄድ ነው የተሠራው" አሉ ሐጂ፣ ጣታቸውን እየላሱ። "እናንተ አስቀምጣችሁት መነጽር ታስጠብቁታላችሁ።"

እሳቸውም መነጽራቸውን ያስጠበቁት በትሪ መሆኑን አላስታወስኳቸውም።

ልሄድ ስነሳ እጄን ወደ ወርቅማው ትሪ ዘረጋሁ። እትዬ ሉባባ ተቆጣች። "ባዶውን? ወላሂ አይሆንም!" ወደ ጣዎሷ ዘረጋሁ። "እሷንማ ጭራሽ! ከሦስት ዓመት በኋላ ባዶዋን? ለዒድ ትመጣለች ኢንሻ አላህ።" አንድ ትሪ ልመልስ ሄጄ፣ ሁለት ትሪ ትቼ ዳንቴል ብቻ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። በትልቁ በር ግን አልተመለስኩም። ትንሿን በር በእግሬ ገፋሁ፤ ሣሩ ያዛት፤ ጎንበስ ብዬ ነቀልኩት።

ብርቄ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ትሪውስ?"

"የትኛው?" አልኳት፤ ከዚያም ሁሉንም ነገርኳት። የደፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ "እናቴ እዚያ ናት?" አለች፤ ትሪዋን ማለቷ ነው። ከዚያ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ጎንበስ ብላ በትንሿ በር ሄደች። ከወዲያ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ አንድ ላይ ሲነሳ ሰማሁ፤ ማን ምን እንደሚል አይለይም። ሐጂም አላሳሉም፣ እኔም አላሳልኩም።

ለዒድ ጣዎሷ በቴምርና በሙሸበክ ተሞልታ መጣች። ብርቄ የተላጠውን አንገቷን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው፤ አሁን ጣዎሷ የአንገት ጌጥ ያሰረች ትመስላለች። ወርቅማውም ተከትሏት መጣ፣ ተመለሰ፣ መጣ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ቤት ከሳምንት በላይ የተቀመጠ ትሪ የለም። የከተማው ሳሎን ሁሉ በትሪ አጊጦ ሳለ፣ ፋሽኑን የጀመርነው እኛ ወደ ድሮው ተመለስን፤ ቁልፍ እዚህ፣ ሻማ እዚያ፣ የተፋቀ ካርድ በየቦታው። ለምክር የሚመጡ ሴቶች ጠረጴዛችንን አይተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ብርቄ ግድ የላትም።

ያለፈው ሳምንት መነጽሬ ጠፋብኝ። ቤቱን ገለባብጬ ሳጣው ገባኝ፤ ዳቦው በትሪ ሲሄድ አብሮ ሄዷል። በትንሿ በር አንገቴን አስገብቼ "ሐጂ፣ መነጽሬን አላዩም?" አልኳቸው። "እሱን አድርጌ ነው ሳነብ የዋልኩት፤ ከእኔው ይሻላል" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ሉባባ ራሷ ይዛልኝ መጣች። ባዶውን ግን አልመለሰችውም፤ በትንሽ ሰሃን ላይ፣ በቴምር መሃል አጋድማው ነው።

ቴምሩን በላነው። ሰሃኗ ጠረጴዛችን ላይ ናት።